አንጓች የለም

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ኢንጂነር ቤቴ ድረስ መጣች። ምሕረት ትባላለች፤ የመጨረሻዋ ልጄ እኩያ ናት። ደብረ ታቦር ውስጥ «የድሮ የጉድጓድ ሠራተኛ በሕይወት ያለ ይኖራል?» እያለች አጠያይቃ ነው ያገኘችኝ። በሕይወት ያለሁት እኔ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉልበቴን ከማሸት ሌላ ሥራ የለኝም። የሷ ድርጅት ስማዳ ውስጥ የተተዉ ጉድጓዶችን ጠርጎ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ሊተክልባቸው ነው። ስልኳን ከፍታ ዝርዝሩን አሳየችኝ። ጉድጓዶቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ ሾላ ሜዳ ያለችው ናት። ሰኞ ሰው ወርዶ ያጸዳታል። ጋሼ፣ ስለሷ ማወቅ ያለብን ነገር አለ?»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። «እስቲ ላስብበት፤ እሑድ ደውይልኝ» ብዬ ሸኘኋት። የሚታሰብበት ነገር ኖሮ አይደለም። ይህንኑ ጥያቄ፣ ስለዚያችው ጉድጓድ፣ በደርግ ዘመን ሌላ ሰው ጠይቆኛል። ያን ጊዜ በአንዲት ቃል መለስኩ፤ ያቺ ቃል ሰው ገደለች። መንግሥት ተለውጦ፣ ጠጉሬ ሸብቶ፣ የሚያስፈሩኝ ሰዎች ሞተው ካለቁ በኋላ እንኳ ያው ጥያቄ ሲመጣ ምላሴ ድሮ ቦታው ገብቶ ተሸጎጠ። ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ ውስጥ ሆኜ ነው ያላበኝ። እሑድ ስትደውል አፌ እንዳይከዳኝ ነው ይህን አስቀድሜ የምጽፈው።

ሥራ የጀመርኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ከስድሳ ስድስቱ ድርቅ በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ግንበኛ ሲፈልግ ተቀጠርኩ፤ ምንጭ እናጎለብት ነበር። ደሞዙን ተዉት፤ የሚወራለት አልነበረም። ምንጭ የዋህ ሥራ ነው። ዓይኑን ታገኘዋለህ፣ ጠጠር ታለብሰዋለህ፣ ትከድነዋለህ፣ ቧንቧ ታወጣለታለህ፤ ማንንም አይገድልም። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠርቼ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ፤ እዚያ ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ጋር መደቡኝ። አለቃዬ ጋሽ መርሻ ነበሩ።

ጋሽ መርሻ ቀጭን፣ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ቆላም ደጋም የማይፈቱ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ጀምረው ሳይጨርሱ ትተው ወጥተዋል። ከዚያ የቀረላቸው ሁለት ነገር ነው፤ ቁጥር የሚጽፉት በግዕዝ ነው፣ ንግግር ላይ ሰዋስው ሲፋለስ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል። ገመድ የረገጠ ሰው ከፊታቸው አይቆምም። «ነፍስ ነው የረገጥከው» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። ጉድጓድ ሊወርዱ ሲሉ ጫማቸውን አውልቀው አፉ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፣ አፍንጫውን ወደ ቤት አዙረው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስወጣ ወዴት እንደምሄድ እንዳልረሳ» አሉኝ። ቆፋሪው ሁሉ ቀስ በቀስ እንደሳቸው ማድረግ ጀመረ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ጧፍ ማውረድን ነው። ጉድጓድ ውኃ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ተከድኖ ሲቆይ፣ በተለይ ቆላ ላይ፣ ከታች ክፉ አየር ይተኛበታል። አይሸትም፣ አይታይም። ሰውዬው እየቀለደ ይወርዳል፤ የጉድጓዱ ወገብ ላይ ሲደርስ ይዝላል፣ አለቀ። እንግዲህ ጋሽ መርሻ ጎኑን የበሱት ጣሳ አላቸው። ጧፍ ለኩሰው ጣሳው ውስጥ ያቆማሉ፣ በየክንዱ በተቋጠረ ገመድ ቀስ እያሉ ያወርዳሉ፣ ታች ሲደርስ አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ደግመው ይስባሉ። ጧፉ እየነደደ ከወጣ «አለ» ይላሉ። ጠፍቶ ከወጣ «የለም» ይላሉ። አየሩ ማለታቸው ነው። «የለም» ካሉ እንኳን ሰው፣ ዶሮ አይወርድም። ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረን ወደ ታች ወደ ላይ ግማሽ ቀን እንወዘውዛለን፣ ውኃ ከላይ እንረጫለን፣ ከዚያ እንደገና ጧፍ። ሻማ ለምን እንደማይሆን ስጠይቃቸው «ሻማ ትዕቢተኛ ነው፤ ቶሎ ሞትኩ አይልም» አሉኝ። ጧፉን ከቤተ ልሔም ካህናት ያስመጡ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረን። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የሲሚንቶ ቀለበቱ ገብቶ፣ ክዳኑ ሲገጠም፣ መጀመሪያ የምትቀዳውን ሴት የሰፈሩ ሴቶች ይመርጣሉ። ጉድጓዷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች ሴት ስም ትጠራለች። አዝመራ፣ ይታይሽ፣ ፈንታነሽ። «ይታይሽ ደፈረሰች»፣ «አዝመራ ገመዷ ተበጠሰ» እያልን ነው የምናወራው። የማያውቅ ሰው ቢሰማን ሐሜተኞች ነን። ጋሽ መርሻ ደግሞ በኪሳቸው በምትገባ ደብተር ይጽፏቸዋል፤ ስሟን፣ ጥልቀቷን በክንድ፣ የጧፉን ቃል። እኔም አንድ በአንድ እየገለበጥኩ የራሴን ደብተር እይዝ ነበር። «አዝመራ። ፲፪። አለ።» «ይታይሽ። ፲፭። አለ።» እንዲህ ነው የተጻፈው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ለኛ በቂ ነበር።

ስማዳ፣ ሾላ ሜዳ የቆፈርናት ጉድጓድ አንጓች ተባለች። አንጓች ከሴቶቹ ሁሉ ርቃ ከወንዝ የምትቀዳ፣ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት ናት። ጉድጓዷን በብዛት የቆፈረው ባሏ ታከለ ነው። እንደሱ ያለ ቆፋሪ አላየሁም፤ ድንጋዩን እያጫወተ ነው የሚያወጣው። ጉድጓዷ በሚስቱ ስም የተጠራች ዕለት «እንግዲህ ሚስቴ ሁለት ሆነች፤ አንዷ ታጠጣኛለች፣ አንዷ ትሰድበኛለች» አለ። አንጓችም ቀበል አድርጋ «ሁለቱም አንድ ቀን ይደርቁብሃል» አለችው። ሳቅን። ያን ጊዜ ጧፉ እየነደደ ነበር የወጣው፤ «አለ» ብለን ጻፍን።

በዓመቱ ለፍተሻ ስንመለስ ነገሩ ተለውጦ አገኘነው። ክዳኑን አንስተን ጧፍ አወረድን፤ ጠፋ። ደገምን፤ ጠፋ። ጋሽ መርሻ ደብተራቸው ላይ «አለ» የሚለውን ሠርዘው «አንጓች። ፲፱። የለም።» ብለው ጻፉ፤ እኔም እንደዚያው ሠረዝኩ። ከላይ በባልዲ መቅዳት ምንም አያደርግም፤ የሚገድለው መውረድ ነው። ታከለ ያን ሰሞን ዘመዱ ሞቶበት ሌላ አገር ነበር። ለውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነግረን፣ ማንም እንዳይወርድ አስጠንቅቀን ሄድን። ሰብሳቢው ብዙም ሳይቆይ በሰፈራ ተወሰደ። ቃላችንም አብሮት ሄደ። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ሰውዬው እንደተወሰደ በዚያው ወር ሰምቻለሁ።

ዘመኑ እንዴት እንደነበር ለልጆች ማስረዳት ያቅተኛል። ጥይት ሲተኮስ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። ሰው ሰላም ሲልህ ምን ሊያወጣጣህ ነው ትላለህ። ጋይንትና ስማዳ መንገድ ላይ ከወዲያ ሸማቂ አለ ይባላል፣ ከወዲህ ኬላ አለ። የኛ ላንድሮቨር በሁለቱ መካከል ቧንቧ ጭኖ ይመላለሳል። ሁለቱም ወገን ለሌላው የምንሠራ ይመስለዋል። ድርጅቱ ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳ እርስ በርሳችን ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምናወራው፤ ግድግዳ ጆሮ አለው። እኔ በተፈጥሮዬ ድንጉጥ ነኝ፤ በዚያ ላይ ሦስት ልጆች ነበሩኝ።

ከዚያ የፀሐይ መስታወቶቹ መጡ። ዛሬ ሶላር ነው የሚሉት፤ ያን ጊዜ ስም አልወጣለትም ነበር። አራት ናቸው፣ በሣጥን ታሽገው ከውጭ አገር በርዳታ የተላኩ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው ፓምፕ ያዞራሉ ተባለ። አዲስ አበባ ወስደው ለሳምንት አሠለጠኑን። ጋሽ መርሻ ሥልጠናው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት። «ፀሐይ ከቀዳች ሰው መውረድ ይቀራል ማለት ነው?» አሉ። ፓምፑ ሲበላሽ በገመድ ተጎትቶ ይወጣል፣ ማንም አይወርድም ሲሏቸው መጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። የት እንትከለው ሲባሉ አላመነቱም፤ «አንጓች ላይ» አሉ።

ሣጥኖቹን ጭነን ወደ ስማዳ ስንወርድ ኬላ ላይ አስቆሙን። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የነዚያ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ካድሬው ጓድ ሽፈራው ይባላል፤ ወጣት ነው፣ እሱም ራሱ የማይተኛ የሚመስል። ሣጥኑን አስከፍቶ መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት አየና ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ ለማን ነው የሚያበራው?»

«ለማንም አያበራም ጓድ፤ ፀሐይ ይቀበላል እንጂ» አሉ ጋሽ መርሻ።

«ተቀብሎ ለማን ያስተላልፋል?»

«ለውኃው።»

አንዱ ሚሊሻ ሳቀ። ጓድ ሽፈራው አልሳቀም። የጋሽ መርሻን ቦርሳ አስፈተሸ፤ ጣሳው፣ ጧፉ፣ ደብተሩ ወጣ። ደብተሩን ገልጦ ረጅም ጊዜ አነበበ። የኔ ደብተር ካፖርቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ክንዴን ከላዩ ላይ አጠበቅኩ።

«አዝመራ ማን ናት?»

«ጉድጓድ ናት ጓድ።»

«ይታይሽስ?»

«እሷም ጉድጓድ ናት።»

«አለ፣ አለ፣ የለም። ስብሰባ ላይ የተገኘና የቀረውን ነው የያዝከው። ቁጥሩ ደግሞ ምስጢር ነው።»

ጋሽ መርሻ ፊታቸው ተጨማደደ። ሊገድሏቸው እንደሚችሉ እያወቁ እንኳ ሰዋስውን አላለፉትም። «ጓድ፣ ሴት ብትሆን ‹የለችም› ብዬ እጽፍ ነበር። ‹የለም› ያልኩት አየሩን ነው» አሉ።

ጓድ ሽፈራው ደብተሩን ዘጋው። «እንግዲያው ከሴቶቹ ስም ጀርባ ያሉት ወንዶች ናቸው» አለ። እሳቸውን አስቀሩ፤ እኔንና ሾፌሩን ከነሣጥናችን መለሱን። ጋሽ መርሻ ሲወስዷቸው ዞረው ገመዱን ጠቅልዬ እንዳስቀምጥ ብቻ አዘዙኝ።

ንፋስ መውጫ እንደደረስን በቀጥታ ቢሮው ጓሮ ዘበኛው ሻይ ወደሚያፈላበት ጉልቻ ሄድኩ። ዘበኛውን ስኳር ግዛ ብዬ ላክሁት። ደብተሬን ቅጠል በቅጠል እየቀደድኩ ከሥር ማገድኩት። አዝመራ ነደደች፣ ይታይሽ ነደደች። የአንጓች ገጽ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሥርዙ ይታይ ነበር። አሁን ተመልሼ ሳስበው ያን ገጽ አጥፌ ጫማዬ ውስጥ ብከት ማን ያገኘው ነበር እላለሁ። ማገድኩት። ሻይዋን ከዘበኛው ጋር ተቀምጬ ጠጣሁ።

በሳምንቱ አስጠሩኝ። አንድ አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር አስቀመጡኝ። ከግድግዳው ወዲያ የሚያስል ሰው ነበር፤ ሳሉ የጋሽ መርሻ ይሁን አይሁን ጆሮዬን ቀስሬ ለመለየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ስገባ ጓድ ሽፈራው ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል።

«ጓድ አስማረ፣ ከመርሻ ጋር ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አራት ዓመት።»

«ጉድጓዶች ናቸው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

አዎ፣ ጉድጓዶች ናቸው ማለት ነበረብኝ። በቃ፣ ሦስት ቃል ነች። ግን አዎ ብል በምን አወቅህ ይላል፤ የራስህ ደብተር የታል ይላል፤ ለምን አቃጠልከው ይላል። «እኔ ሲሚንቶ ነው የማቦካው፤ ስለ ደብተሩ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ። ጻፈው። አስፈረመኝ። ስወጣ የሚያስለው ሰው ዝም ብሎ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጓድ ሽፈራው ራሱ ቢሮአችን መጣ። ነገሩ ተገልብጧል። የበላይ ሰዎች ስለ መስታወቶቹ ሰምተው ወደዋቸው ኖሮ፣ በመጪው ቅዳሜ መጥተው ሊመርቁ ነው። እሱ ደግሞ ለምርቃቱ ደፋ ቀና ይላል፤ ላቡ ፊቱ ላይ ነው። የሚፈራ ሰው አውቃለሁ፤ እሱም ፈርቷል።

«የሾላ ሜዳውን ጉድጓድ ሐሙስ ዕለት ገበሬ ማኅበሩ ወርዶ ያጸዳዋል። አንተ መስታወቶቹን ይዘህ ትመጣለህ። ስለ ጉድጓዱ ማወቅ ያለብን ነገር አለ?»

ይህን ሲጠይቀኝ ዓይኑን ዓይኔ ላይ አደረገ። ደብተሩ ላይ አንጓች አጠገብ «የለም» ተጽፏል፤ እሱ አንብቦታል። ወጥመድ ነው አልኩ በልቤ። አየሩ ክፉ ነው ብል፣ ባለፈው አላውቅም ብለህ ፈርመህ የለም ወይ ሊለኝ ነው፤ ከዚያ እኔም የሚያስለው ሰው ዘንድ ልገባ ነው። ወጥመድ ይሁን፣ ወይም የሰው ነፍስ አሳስቦት ከልቡ የጠየቀ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የለም» አልኩት።

ያቺ ናት ቃሏ። በገዛ አፌ የጋሽ መርሻን ቃል ተናገርኩ፤ እሱ የሰማው ግን ሌላውን ነው።

ለራሴ ምክንያት አላጣሁም። ታከለ አዋቂ ነው፣ ጧፍ ያወርዳል አልኩ። ሐሙስ ቀደም ብዬ ደርሼ በሰበብ አስቆማቸዋለሁ አልኩ። ሐሙስ ማልደን ተነሣን፤ ኬላው ላይ ያው ሣጥን ይከፈት፣ ይቆጠር፣ ይታሸግ ተባለ፤ ሁለት ሰዓት ቆምን። ሾፌሩ «ምን ያቁነጠንጥሃል?» አለኝ። ሽንት ይዞኝ ነው አልኩት።

ሾላ ሜዳ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል። ከርቀት ለምርቃቱ ዝግጅት መሰለኝ። ቀረብ ስል መጀመሪያ ያየሁት የጉድጓዱን አፍ ነው፤ እዚያ አንድ ጥንድ በረባሶ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አፍንጫው ወደ ታከለ ቤት ዞሮ። ጫማው እንጂ ባለቤቱ የለም። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ ጆሮዬ የገባው።

ታከለን አውጥተው ሾላው ሥር አስተኝተውታል። እሱን ሊያወጣ የወረደው ሁለተኛው ሰው ወገቡ በገመድ ታስሮ ስለነበር ጎትተው አተረፉት። አንድ ሽማግሌ ጧፍ እናውርድ ብሎት እንደነበር ነገሩኝ። ታከለ ስቆ «እኔ የቆፈርኳት ናት፤ ባል ሚስቱን ጧፍ አብርቶ ነው እንዴ የሚገባባት?» ብሎ ወረደ። እሱ የሚያውቃት ስትቆፈር ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን፣ ሰብሳቢው ስለሌለ፣ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እስር ቤት ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ።

ጓድ ሽፈራው ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። ወደኔ መጥቶ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ።

«የለም ማለት... አየር ነው?» አለኝ በዝግታ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አላውቅም ብለህ አልፈረምክም?»

መልሴን አልጠበቀም። ደብተሩን ዘግቶ «ይህ ነገር ከዚህ እንዳይወጣ» አለኝ። ለኔ ማሰቡ አልነበረም፤ ጉድጓድ ነው ሲሉት ያላመነው እሱ ነውና። ሁለታችንም ፈርተን እንደ ሌባ ተያየን። ምርቃቱ ተሰረዘ። ጋሽ መርሻ በአራተኛው ቀን ተፈቱ። ደብተሩ እውነት መሆኑን ታከለ ሞቶ መሰከረላቸው፤ እኔ ቆሜ ያልመሰከርኩትን።

ጋሽ መርሻ ቢሮ ሲመጡ ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ግን እንደተቆለፈ ነው። ያስል የነበረው እሳቸው እንደነበሩ ሲያስሉ አወቅሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ደብተርህስ?»

«አቃጠልኩት ጋሽ መርሻ።»

«መቼ?»

«እርስዎ በተያዙበት ዕለት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፣ አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ጉድጓድ ሲወርዱ ግን የወገባቸውን ገመድ እንድይዝ አንድም ቀን አልሰጡኝም። ቆፋሪ ከጠፋ መንገደኛ ጠርተው ያስይዛሉ፤ እኔን «ሲሚንቶውን እይ» ይሉኛል። እኔ ሲሚንቶ ነው የማቦካው ብዬ የፈረምኩትን ነግረዋቸው ይሆን እንዴ እያልኩ እሸማቀቅ ነበር።

ያም ሆኖ አንጓችን፣ ጉድጓዷን፣ አልተውናትም። በጾመ ፍልሰታ ማግስት ተመለስን። ጋሽ መርሻ ሦስት ቀን ሙሉ ቅርንጫፍ አስወዘወዙ፤ በየማለዳው ጧፍ ወረደ፣ በአራተኛው ቀን እየነደደ ወጣ። ራሳቸው ወርደው አጸዷት። እኔ መስታወቶቹን ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ጀርባቸውን ቀና አድርጌ ተከልኩ። መስታወቱ ፀሐይ ካየ ወዲያው ስለሚሠራ፣ ሽቦ ሲቀጠል በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ሽቦውን ጨርሼ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ፓምፑ አጉረመረመ፣ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተፋ፣ ከዚያ ውኃው ወጣ። ማንም እልል አላለም። ሴቶቹ እንስራቸውን እንደያዙ ወደ አንጓች ዞሩ። ስሟ ነውና መጀመሪያ የምትቀዳው እሷ ናት።

ጥቁር ለብሳ መጣች። ቀዳች። ከእንስራው ላይ እፍኝ ወስዳ ፊቷን ታጠበች፤ አልጠጣችም። ስትመለስ ተከትዬ መንገድ ላይ አገኘኋት። ለምን ያን ቀን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ውኃው ሲወጣ ይቅር የምባል መስሎኝ ይሆናል።

«እትዬ አንጓች፣ ጉድጓዷ አየር እንደሌላት ተጽፎ ነበር። ደብተር ነበረኝ። ፈርቼ አቃጠልኩት» አልኳት።

እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆመች። ታከለን ስትሰድበው እንደነበረው ዓይነት ድምፅ ጠበቅኩ፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ደብተሩንስ አቃጠልከው» አለች። «አፍህንም አብረህ አቃጠልከው?»

ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችኝም፤ እኔም መንገድ ቀይሬ ነበር የምሄደው። ጦርነቱ አካባቢውን ሲደርስ ሰው ተበተነ፣ መስታወቶቹም ጠፉ፣ ጉድጓዷ ተከድና ቀረች። ጋሽ መርሻ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በሳሉ ሞቱ። እኔ ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ወረዳ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ስንት ምንጭ፣ ስንት ጉድጓድ ሠራሁ፤ ሽኝቴ ላይ ጋቢ አልብሰው አመስግነውኛል። ስለ አንጓች ግን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።

ይህችን የመጨረሻዋን የምጽፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ምሕረት ደወለች። ስልኩ ሲጮህ ያው ፍርሃት ያዘኝ። ማንን እንደምፈራ እንኳ አላውቅም፤ ልማድ ሆኖብኛል።

«ጋሼ፣ አሰቡበት? ማወቅ ያለብን ነገር አለ?»

«አለ» አልኳት። «ያቺ ቁጥር ሰባት ያልሻት አንጓች ትባላለች። ዐሥራ ዘጠኝ ክንድ ናት። የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው ጋሼ?»

«አየሩ። ለብዙ ዘመን ተከድና ኖራለች። ነገ ማንም እንዳይወርድ። የአየር መለኪያ ካላችሁ አውርዱ፤ ከሌላችሁ እኔ ራሴ ጧፍ ይዤ እመጣለሁ። የቆፈራት ሰው ታከለ ይባላል። ውስጧ ነው የሞተው፤ እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ።»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። «ቅጹ ላይ ልጻፈው?» አለችኝ።

«ጻፊው» አልኳት። «በቁጥር አይደለም፤ በስሟ ጻፊው።»

እስክትጽፍ ጠበቅኩ፤ ከዚያ መልሳ እንድታነብልኝ አደረግሁ።